የማማ ወርቄ ማፍጠሪያ

ወርቅአየሁ ማንያታ ሰፈር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያድሩበት ሆስቴል አላት። ድንበሩን ተሻግራ ሞያሌ ኬንያ ከከተመች ወዲህ ሥራዋ ሌላውን ማብላት ነው፤ ለእሷ ሻይ የያዘላት ሰው አልነበረም። መብራት ሳያጠፋ የወጣ ተማሪ ቁጣዋን ይፈራል። ሲያቆላምጧት ግን ማማ ወርቄ ይሏታል።

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተገጣጠሙ። ግመል አርቢዎች ከሚኖሩበት ከጎልቦ የመጣችው ተማሪ ዘቢባ፣ ቤተሰቦቿ በላኩላት የግመል ወተት ሻይ አፍልታ፣ የመግሪብ አዛን ሲል ለማማ ወርቄም ይዛላት ትመጣ ጀመር።

«አንቺም ጾመኛ ነሽ፤ አፍጥሪ» ትላታለች።

ሁዳዴ ፀሐይ ብትጠልቅም ወተት እንደማያስነካ ዘቢባ አላወቀችም። ለቁጣ የማትመለሰው ወርቅአየሁ ይህን መናገር ከበዳት። በሁለት እጇ ተቀብላ፣ መርቃት ጓዳ ትገባና፣ ሻዩ ሲበርድ ለድመቷ ትገለብጥላታለች።

ድመቷ ወፈረች።

አንድ ምሽት ዘቢባ ስኳሩን ረስታው ኖሮ ይዛ ተከትላት ብትገባ፣ ድመቷን ሻዩ ላይ አቀርቅራ አገኘቻት። ወርቅአየሁ የምትገባበት ጠፋት። እንደምንም ብላ ነገሩን አስረዳቻት።

«ታዲያ በመጀመሪያው ቀን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«መምጣቱን ትተዪብኛለሽ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።»

ዘቢባ ስኳሩን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ አዛን ሲል ወርቅአየሁ ሥራ ያላት መስላ በሩ ላይ ቆመች። ዘቢባ ሁለት ስኒ ይዛ መጣች።

«ጥቁሩ ያንቺ ነው» አለቻት። «ባለወተቱ የድመቷ።»