ከትራሴ በላይ ያለው ሻንጣ

ዛሬ ጠዋት አሰላ ላይ መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ ከግቢያችን ሰው ሁሉ ቀድሞ ደጅ የተገኘው የጂኦግራፊ መምህሩ ነው። እኔው ነኝ፤ ያውም በአንድ እግር ጫማ።

አከራዬ ሐጂ የኢተያ ስንዴ ነጋዴ ናቸው። «መምህር፣ ዛሬ ይደገማል?» አሉኝ።

«ሊደገም ይችላል። ግን ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ቀን በቀንም እየቀነሰ ይሄዳል» አልኳቸው። ይህን የምላቸው ፍራሼን ወደ ደጅ እየጎተትኩ ነው።

«እኛ ዝናብ ሊመጣ ይችላል ሲባል ስንዴውን ሸራ እናለብሳለን እንጂ አገር ጥለን አንሄድም» ብለው ክፍሌ ገቡ። ግድግዳው አልተሰነጠቀም። ቁም ሳጥኑ ላይ ግን፣ ልክ ከትራሴ በላይ፣ መጽሐፍ የሞላ ሻንጣ አለ። እዚያ ከተቀመጠ ስድስት ዓመቱ።

«ይህን አውርድና ተኛ» አሉኝ።

ስለ ዕድል ያስረዳሁት እኔ፣ ሻንጣውን ያዩት እሳቸው።

እናንተስ፣ ከትራሳችሁ በላይ ምን አለ?