መብራት ያላስጨረሰን ፊልም

በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፁ አንድ ነው፤ ዲሽ ላይ ሲወርድ ግን ሌላ ነው። ቀጠን ይላል፤ ደረቅ ሽንብራ ትሪ ላይ እንደሚያፈሱት ዓይነት። ባለፈው ነሐሴ ከሥራ ስወጣ ደብረ ታቦር ላይ ኃይለኛ በረዶ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። ባጃጆቹ ሁሉ ቆመዋል፤ አስፋልቱ ነጭ ሆኗል። ጣሪያው ላይ ያለው አሮጌ ዲሽ ያን ቀጭን ድምፅ ሲያሰማ፣ የልጅነት ቤታችን ዲሽና አባቴ ትዝ ብለውኝ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ብቻዬን ሣቅሁ። ከአጠገቤ የቆመች ተማሪ ገልመጥ አድርጋ አየችኝ። ምን ልበላት? ለእናንተ ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ በኩል ነበር። ከፊታችን ከተማ፣ ከጀርባችን የአባቴ ማሳ። በአንዱ በኩል የሚኒባስ ጥሩምባ እንሰማለን፤ በሌላው የገብስ ሽታ ይገባል። እኔ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ እታለም ከዐረብ አገር ተመለሰች። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው። ስትሄድ ለአባቴ "ባሕር ዳር አክስቴ ጋ ልሰንብት" ብላ ነበር የወጣችው። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን የሰማነው በስልክ፣ ከባሕር ማዶ ነው። አባቴ ያን ቀን ስልኩን ለእናቴ መልሰው ሰጧትና ወደ ማሳው ወጡ።

ስትመለስ አልተቆጧትም። ጉንጯን ሳሟት፣ የሠራችውን በሉ፣ ያመጣችላቸውን ወፍራም ጃኬት ለበሱ። ግን አያናግሯትም። ማለቴ፣ የሚያናግሯት በእኔ በኩል ነው።

"ለእህትሽ ንገሪያት፣ ወጡ ጨው አንሶታል።"

እታለም እዚያው ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። እኔም ዞር እልና "እታለም፣ ጨው አንሶታል" እላታለሁ።

"ለአባዬ ንገሪያቸው፣ ነገ አስተካክለዋለሁ።"

እናቴ "ይህችን ልጅ አስተርጓሚ አደረጋችኋት" እያለች ትሥቅ ነበር። ሣቋ ግን ቶሎ ያልቅባታል።

እታለም ካመጣችው ዕቃ ሁሉ ትልቁ ቴሌቪዥኑ ነበር። ዲሹን የሚተክለው ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ "መጣ?" ይላል፤ እኛ ከውስጥ "አልመጣም!" እንላለን። "አሁንስ?" "ኧረ ጠፋ!" እንዲህ ስንጯጯህ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ሲመጣ እልል ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሑድ ከሰዓት ቤታችን በሰው ይሞላ ጀመር።

ሰው የሚሰበሰበው ለአንድ ተከታታይ ፊልም ነበር። በዘመን ውስጥ የምትቀዝፍ መርከብ ነበረች፤ አንድ ሳምንት ከሺህ ዓመት በኋላ ትደርሳለች፣ ሌላ ሳምንት ኮከብ ላይ ታርፋለች። ተሳፋሪዎቿ ጸጉሩ የሸበተ አዛዥ፣ አንዲት ወጣት ሐኪምና ከብረት የተሠራ ሰውዬ ናቸው። ሁሉም የሚናገሩት በዐረብኛ ነው። እታለም ተቀጥራ በነበረችበት ቤት የእመቤቲቱ ልጆች ይህን ፊልም ይወዱት ስለነበር፣ እሷም ሰሐን እያደራረቀች በር ላይ ቆማ ታየው ነበር። አሁን ግን የቤታችን መካከል ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣ ለሰፈሩ ሁሉ ትተረጉማለች። አዛዡን በወፍራም ድምፅ፣ የብረቱን ሰውዬ በአፍንጫዋ ታወራዋለች።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ሁልጊዜ የምታየው ልብሱን ነው። ሰማይ ሲቃጠል፣ ከተማ ሲፈርስ፣ እሷ "ይህን አንገትጌ እንዴት አድርገው ቢቆርጡት ነው?" ትላለች። ባጃጅ የሚነዳው ልጇ ሮኬት ካላየ አይረካም። የነፍስ አባታችን ደግሞ "ይህ ሁሉ ምትሐት ነው" ይላሉ፤ ነገር ግን ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከፊት የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። የብረቱ ሰውዬ የወደቀ ጊዜ "እግዚኦ!" ብለው ከመቀመጫቸው ሲነሡ ቤቱ በሣቅ ፈርሶ ነበር።

አባቴ ብቻ አይገቡም። ደጅ ፀሐይ ላይ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ይቀመጡና የቀንበር ጠፍራቸውን ቅባት እያስነኩ ያሻሉ። እኛ ስንሥቅ እጃቸው ፍጥነት ይጨምራል።

ያ እሑድ የጥቅምት ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ነፋሱ ይቆነጥጣል፣ ፀሐዩ በበሩ ገብቶ የቴሌቪዥኑን እግር ይነካል። መርከቧ ያን ቀን ወደ ፊት አልሄደችም፤ ወደ ኋላ ሄደች። ስታርፍ የታየው ጭቃ ነበር። ጭቃ፣ የሣር ቤት፣ ጭስ፣ አጥር ላይ የቆመ ዶሮ።

"ምንድን ነው ይሄ? ገጠር ነው እንዴ?" አለ ባለባጃጁ። "ሮኬቱ የታለ?"

"ዝም በል፤ እኛን ይመስላሉ እኮ" አለች እናቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግታ።

ከዚያ አንድ በሬ አገሣ።

ደጅ የነበረው የጠፍር ድምፅ ቀጥ አለ። "ምንድን ነው እሱ?" አሉ አባቴ።

"በሬ ነው፣ አባዬ" አልሁ።

"የማን በሬ?"

"የፊልሙ።"

ከዚያ ጥላቸው ከፀሐዩ ጋር ወለሉ ላይ ገባ። ጠፍሩን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ ገበሬ ያርሳል፤ ማረሻውን የሚጎትቱት ግን ስምንት በሬዎች ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ከአንዱ ፊት።

"አራት ጥማድ ለአንድ ማረሻ!" አሉ አባቴ። "ምን ዓይነት መሬት ቢሆን ነው? ለእህትሽ ንገሪያትና ጠይቂልኝ፣ የት አገር ነው?"

"የፈረንጅ አገር ነው በያቸው" አለች እታለም ዓይኗን ከሥዕሉ ሳትነቅል። "በጣም ድሮ ነው፣ ማሽን ሳይመጣ።"

"ፈረንጅም በበሬ ያርስ ነበር?"

"ታዲያ ምን መስሎዎት ነው?" አሉ የነፍስ አባታችን። "ትራክተር ይዞ ከሰማይ የወረደ?"

ቤቱ ሣቀ። አባቴ አልሰሟቸውም። "የግራው እየሸሸ ነው! አልለመደም ይሄ! ኧረ መልሰው!" ብለው ጮኹ፤ ገበሬውም የሰማቸው ይመስል በሬውን መለሰው። ከዚያ በኋላ ማን ዝም ይበል? አንዱ ቀንበሩን ያማል፣ ሌላው ያመሰግናል። ባለባጃጁ ሳይቀር "ያ ቀዩ ግን አንደኛ ነው" አለ። ለስንት ሳምንት በኮከብ ላይ ሲሄዱ ተነፍሶ የማያውቅ አስተያየት በዚያ እርሻ ላይ ወረደ። አባቴ እያዩ፣ እየተናገሩ፣ መቼ እንደገቡ ሳይታወቃቸው መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

ገበሬው ሴት ልጅ ነበረችው። ምሳ ይዛለት ስትመጣ ማሳው ዳር ወደቀች። ትኩሳት ነው። አባትዬው በሬዎቹን ጥሎ፣ ልጁን በክንዱ ታቅፎ እየሮጠ ቤት አስገባት። ወጣቷ ሐኪም ተከትላ ገባች፤ መድኃኒቱ በቦርሳዋ አለ። እጇን ስትሰድ አዛዡ ያዛት። እታለም ድምፅዋን አወፍራ፣

"አይሆንም። ያለፈን ነገር መንካት አይፈቀድም። ይህች ልጅ ከዳነች የኋላው ዘመን ሁሉ ይዛባል" አለች።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ቤቱ ተናወጠ።

"መድኃኒቱ በእጇ እያለ?" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ያን ቀን አንድም ልብስ አላየችም።

"ጌታ በሰንበት ፈውሶ የለም እንዴ!" አሉ የነፍስ አባታችን ተነሥተው።

"አይ፣ ነገሩ አልገባችሁም" አለ ባለባጃጁ። "እሷ ከዳነች እኮ ሌላ ሰው ላይወለድ ይችላል።"

"አንተ ዝም በል! አንተው ሳትወለድ በቀረህልኝ!" አለችው እናቱ። በዕንባም በሣቅም መካከል ሆነን ስንንጫጫ አባቴ እጃቸውን አነሡ።

"ያለፈ ነገር ቢቃና ማን ይጎዳል?" አሉ። ድምፃቸው ከሁላችንም በላይ ወጣ። "አባትዬውን እዩት እስቲ! ልጁ ፊቱ ተኝታ፣ ይሄ የምን ሕግ ነው?" ከዚያ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ሐኪሟ ምን ትላለች? ትሰጣታለች ወይስ አትሰጣትም?"

እኔ እንደለመድሁት ወደ እታለም ዞሬ አፌን ከፈትሁ። መልሼ ገጠምሁት። አባቴ እኔን አልነበረም የሚያዩት።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሐኪሟ ብዙ ትናገራለች፤ የሚተረጉም ግን የለም። እታለም አባቴን ታያለች። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች።

"ንገሪኝ እንጂ!"

"እ… እያሰበች ነው፣ አባዬ" አለች እታለም።

"ምን ያሳስባል!"

ሐኪሟ የአዛዡን እጅ አስለቀቀች። ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። የልጅቷን ራስ ቀና አደረገች፤ እና መብራት ጠፋ።

እንዲያ ያለ ጩኸት በሕይወቴ አልሰማሁም። መብራት ኃይልን ያልረገመ አልነበረም። የነፍስ አባታችን ሳይቀሩ አንድ ነገር ካጉረመረሙ በኋላ "ይፍታኝ" አሉ። ይመጣል ብለን ጠበቅን፤ አልመጣም። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እታለም ዞረ።

"አንቺ እዚያ አይተሽው የለ? ንገሪና ገላግይን።"

እታለም ራሷን ነቀነቀች። "እዚህ ላይ ሲደርስ እመቤቲቱ ጠራችኝ። መጨረሻውን አላየሁትም።"

"ለምን ጠራችሽ?" አሉ አባቴ።

"ልብስ ልተኩስ።"

"በሰንበት?"

"ለእኔ ሰንበት አልነበረኝም፣ አባዬ።"

አባቴ ጠፍሩን መሬት አስቀመጡት። መደቡ ላይ ፈቀቅ አሉና አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉ። "ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪ" አሉ። "ከመጀመሪያው ንገሪኝ። ከወጣሽበት ቀን ጀምረሽ።"

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን አንሥተው ሰውን ሁሉ በዓይናቸው እየነዱ አስወጡት። እኔና እናቴም ደጅ ወጥተን ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ከውስጥ የእታለም ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ብሎ፣ እየተቆራረጠ። ቆይቶ ግን አባቴ ከት ብለው ሣቁ፤ እመቤቲቱን በአፍንጫዋ እያወራቻት መሆን አለበት። እናቴ ክንዴን ጨመቅ አድርጋ ያዘችኝ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መብራቱ መጣ፤ ቴሌቪዥኑም በራሱ በርቶ አንድ ሰውዬ በዐረብኛ ሽቶ ሲያስተዋውቅ ነበር። ማንም ተነሥቶ አላጠፋውም።

ያን ሳምንት ሰፈሩ በሙሉ ስለዚያ ፊልም ተከራከረ። ዳነች የሚሉ አሉ፣ አዛዡ ጠርሙሱን ነጥቋታል የሚሉ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ መርከቧ ተመልሳ ኮከቧ ላይ ነበረች፤ ስለ ልጅቷ የተነፈሰ የለም። አባቴ ግን ጉዳዩን በራሳቸው ዘጉት፤ ልጅቷ ድናለች። ለማኅበርተኛው፣ ለገበያተኛው፣ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ ያወሩታል። በየጊዜው ይጨምሩበታል፤ መጀመሪያ ሐኪሟ ከእነሱ ጋር አደረች፣ ኋላ ከገበሬው ጋር ገብስ አጨደች፣ በመጨረሻም አዛዡ ራሱ በሬ ሊጠምድ ሞክሮ ተረገጠ።

አባቴ ካረፉ ብዙም አልቆየ። ለተዝካራቸው ከገሳይ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኔና እታለም ጠላ ስንቀዳ ጠሩንና፣ አባታችን ገበያ ሲሄዱ የነገሯቸውን አንድ ታሪክ አጫወቱን። በድሮ ዘመን ከሩቅ በመርከብ የመጡ እንግዶች የአንድ ገበሬ ልጅ ታማ አግኝተው እንዴት እንዳዳኗት ነገሩን። ፊልም ነው አላሉም፤ እንደ እውነት ነው የነገሩን፤ ስምንቱን በሬዎች እንኳ አልዘለሏቸውም። እታለም ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ትከሻዋ በሣቅ ይንቀጠቀጣል፤ ዕንባዋም ይወርዳል።

"ድናለች ብለውኛል" አሉ ሽማግሌው። "ኋላስ? ያች ልጅ እንዴት ሆነች?"

እታለም ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ ጽዋቸውን ሞላችላቸው።

"ደኅና ናት፣ አባባ" አለቻቸው። "ተነሥታ ከአባቷ ጋር ብዙ ዓመት ኖረች።"

"እሰይ" አሉ ሽማግሌው። "እሰይ፣ እንኳን።"