የሄምፕ ዘይት ልናወጣ ገብተን

ዛሬ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ሚልፒታስ ከተማ ዘይት ልናወጣ ተሰብስበን ፍትፍት በልተን ተበተንን።

ጋሽ መኮንን ጡረታ የወጡ ኬሚስት ናቸው። የሄምፕ፣ የዚያን የማያሰክረውን የካናቢስ ዝርያ፣ ፍሬ የሚጨምቅ ትንሽ ማሽን ኦርደር አድርገው "ኑና እዩ" አሉን።

ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ማሽኑን አይተው ሳቁ። "ዘይት በፍል ውሃ ነው የሚወጣው! የኑግ ዘይት በእጃችን ስናወጣ አልኖርንም እንዴ?"

ውድድር ሆነ። እኔ ዳኛ ነበርኩ፤ የራበው ዳኛ።

ጋሼ ፍሬውን ሳይቆሉ ማሽኑ ውስጥ ጨመሩት፤ አረንጓዴ ዘይት በቀጭኑ ወረደ።

እትዬ አስካለ ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ፍል ውሃ አፈሰሱበት። ግን እጃቸው ይበልጥ የለመደው የሱፍ ፍትፍት ነውና ውሃውን አበዙት። ዘይቱ አልንሳፈፍ ብሎ ሁሉም ወተት መሰለ።

"ኮልድ ፕረስ፣ ያለ እሳት መጭመቅ፣ አሸነፈ!" አሉ ጋሼ፣ ሲኒ የማይሞላ ዘይታቸውን ከፍ አድርገው።

እትዬ ግን ያንን ወተት አጠለሉት፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከተፉበት፣ እንጀራ ፈተፈቱበት። ጾም ነው፤ እንዲህ ያለ ፍትፍት እያለ ማን ዘይት ያያል?

ጋሼም ቀመሱ። ከዚያ ሲለፉበት የዋሉትን ዘይት አንስተው ፍትፍቱ ላይ ገለበጡት።

"አሁን ገና ሆነ" አሉ እትዬ አስካለ።

ከፍሬው ለማውጣት ስንታገል ውለን፣ መልሰን እዚያው ፍሬው ላይ! እስቲ እናንተም አውሩን፤ ምን ልትሠሩ ገብታችሁ ምን በልታችሁ ወጣችሁ?