እጇ አልታዘዝ ያላት ልጄ

መጀመሪያ የወደቀው ማንኪያ ነው። ሐያት ቁርሷን እየበላች ሳለ ማንኪያው ከእጇ ሾልኮ መሬት ላይ ወደቀ። አነሳችው። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ወደቀ። እናቷ ዘሀራ «ቀስ ብለሽ ብዪ እንጂ፣ ሰርቪሱ አያመልጥሽም» አለቻት። እኔ ሱቅ ለመክፈት እየተጣደፍኩ ነበር። ከልጅ እጅ ማንኪያ ይወድቃል፤ ከቁም ነገር የሚቆጥረው የለም።

ይህን የምጽፈው ልጃቸው ድንገት ዕቃ መጣል፣ ፊቷን ማጨማደድ፣ መቁነጥነጥ ለጀመረችባቸው ወላጆች ነው። ሐኪም አይደለሁም። ሳሪስ ላይ የመኪና መለዋወጫ የምሸጥ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የወሎ ሰው ነኝ። የማውቀው እኛ ያየነውን ብቻ ነው።

ሐያት ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ፊደል ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምራት፣ ታክሲ ውስጥ እናቷ ጭን ላይ ሆና ከሱቅ ማስታወቂያ ላይ ለቅማ ነው የለየችው። ኦሮምኛ ከብሎካችን ልጆች ጋር ስትጫወት ቻለችው። እንግሊዝኛውን ግማሹን ከእኔ ሱቅ ካርቶኖች ላይ ነው ያነበበችው። ትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል አዘልሎ አምስተኛ ክፍል አስገባት። በዚህ እኛ ደስ አለን፣ የክፍል ኃላፊ መምህርቷ ግን ደስ አላላትም። ሐያት «ለምን?» ማለት ታበዛለች። መምህርቷ ደግሞ «ለምን?» የሚል ልጅ አትወድም። ዘሀራን አንድ ቀን በር ላይ አግኝታ «ልጅዎ ጎበዝ ናት፤ ጉብዝናዋ ግን አፍ አውጥቷል» ብላታለች።

ከማንኪያው በኋላ ጽሕፈቷ ተበላሸ። «መ» ስትጽፍ ሁለቱ ቀለበቶች አልገጥም አሏት። እርሳሱ ከመስመር ይወጣል፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። ቀጥሎ ትከሻዋ ብቻውን ብድግ ማለት ጀመረ። ቅንድቧ ይሰበሰባል፣ አፏ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ምላሷ ወጣ ብሎ ይመለሳል። ተዪ ስንላት ይብሳል። ስትተኛ ግን ምንም የለም። ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ ሸለብ ሲያደርጋት አያታለሁ፤ እንደ ድሮዋ ጸጥ ያለች ልጅ ናት።

መምህርቷ ልጅቷ የምታሾፍባት መሰላት። ጥቁር ሰሌዳው ሥር አንበረከከቻት። «ፊትሽን እስክታስተካክዪ እዚያው ሁኚ» አለቻት። ልጆቹ ሳቁ። መምህርቷ አላስቆመቻቸውም። በማግስቱም አንበረከከቻት። ሐያት ይህን ሁሉ ለእኛ አልነገረችንም፤ ጉልበቷን አይታ አውጣጥታ የሰማችው እናቷ ናት።

ርዕሰ መምህሩ ወላጅ ይምጣ አሉ። ሄድኩ።

«ልጅዎ መምህሯ ላይ ታሾፋለች» አሉኝ።

«ታማብኝ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ጠባይ የላትም» አልኳቸው።

«ብልህ ልጅ መታመምም ታውቅበታለች። እንዲህ ያሉትን ብዙ አይቻለሁ፤ ቶሎ ካልተሰበሩ ይበላሻሉ።» ወደ ሐያት ዞሩ። «እጅሽን ዘርጊ። የማታሾፊ ከሆነ ሳታንቀሳቅሺ ያዢው።»

ዘረጋችው። ጣቶቿ አንድ በአንድ መዝለል ጀመሩ። ልትይዘው ሞከረች። ሌላኛው እጇም ተነሳ። ርዕሰ መምህሩ ከጠረጴዛው ላይ ማስመሪያ አነሱና መቷት። እኔ እያየሁ።

ማስመሪያውን ከእጃቸው ቀማሁ። ጠረጴዛው ላይ መልሼ አስቀመጥኩት። ልጄን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ቆመች። ምላሷም መተሳሰር ጀምሮ ነበር።

«አባቢ» አለችኝ፣ «እኔ አይደለሁም። እጄ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ነገሩ በፍጥነት ከፋ። ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። መራመድ አቃታት። ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፣ እንባዋ ሳይደርቅ ትስቃለች። አንዱ ጎረቤት ዓይነ ጥላ ነው አለ፣ አንዱ ዘመድ ጂን ነው አለ። ማንበብ የጎዳት ነው ያለም አለ። ዱዓ አስደረግን። ዱዓውን ሳንተው ሐኪም ቤትም ሄድን። መጀመሪያ የገባንበት ክሊኒክ ቫይታሚን ሰጥቶ መለሰን። አልተሻላትም። በጀርባዬ አዝዬ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት።

የሕፃናት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ብዙ አልተናገረችም። ሁለት ጣቶቿን ለሐያት ሰጠቻት። «ጨብጪኝ፤ እንዳትለቂ» አለቻት። የሐያት እጅ ይጨብጣል፣ ይላላል፣ ይጨብጣል፣ ይላላል፣ ላም እንደሚያልብ ሰው። «ምላስሽን አውጪና እዚያው ያዢው» አለቻት። ምላሷ ወጣ፣ ወዲያው ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ከወራት በፊት ጉሮሮዋን አሟት ያውቃል? ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገር?»

ዘሀራ አስታወሰች። ክረምት ላይ ቶንሲል አሟት፣ ብዙ ቤት እንደሚደረገው ማርና ሎሚ ሰጥተናት፣ ድና ነበር።

«ይህ ሲደንሃም ኮሪያ ይባላል» አለች ሐኪሟ።

ሐያት ቀና ብላ «ኮሪያ አገር ናት» አለች፤ ለመጨረስ ጊዜ ወሰደባት።

ሐኪሟ ፈገግ አለች። «ስሙ ገጥሞ ነው። ይህኛው በሽታ ነው። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚከተል ሩማቲክ ፊቨር የሚባል ሕመም ከሚያመጣቸው ነገሮች አንዱ ነው።» ከዚያ ለእኔና ለዘሀራ እንዲህ አለችን፤ «ሆን ብላ የምታደርገው አይደለም። ተዪ ብትባልም መተው አትችልም።»

ዘሀራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም መቀመጫ ፈለግሁ።

ሐያት ግን ጥያቄ ነበራት። ያመማት ጉሮሮዋ ከሆነ እጇ ምን አገባው? ሐኪሟ በትዕግሥት አስረዳቻት። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ ሰውነት ሊከላከለው ይነሳል፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ግን የሰውነት መከላከያ ይሳሳትና አንጎልን፣ መገጣጠሚያን፣ ልብንም ያጠቃል።

«ልቤንም?» አለች ሐያት።

«እሱን ነው አሁን የምናየው» አለቻት።

ደም ተወሰደ። ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ተነሳች። ሚትራል የሚባለው የልቧ ቫልቭ ትንሽ ደም ወደ ኋላ እንደሚያፈስ ተነገረን። ዕድሜዬን ሙሉ ቫልቭ ሸጫለሁ። ሲያፈስ በአዲስ ይቀየራል ብዬ ነው ደንበኛ የምሸኘው። እዚያ ወንበር ላይ ያንን አሰብኩ። ሐኪሟ ሳልጠይቃት መለሰችልኝ፤ «አሁን ቀዶ ሕክምና አያስፈልጋትም። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየወሩ ትወጋለች፤ ለብዙ ዓመታት። ጀርሙ ተመልሶ ካልያዛት ቫልቩ ሊሻሻል ይችላል። መርፌው ከተቋረጠና ጀርሙ ከተመለሰ ግን ልቧ የባሰ ይጎዳል።» ለእንቅስቃሴው ደግሞ ሃሎፔሪዶል የሚባል መድኃኒት በትንሽ መጠን ታዘዘላት።

ወደዚያ ትምህርት ቤት እንደማንመልሳት ወስነን ስለነበር መሸኛ ልወስድ ሄድኩ። ሐያት አብሬህ ካልሄድኩ አለች። ደግፌ አስገባኋት። ርዕሰ መምህሩና መምህርቷ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። የበሽታውን ስም ነገርኳቸው፣ ልቧን እንደነካም ነገርኳቸው። ርዕሰ መምህሩ መስኮት መስኮቱን አዩ። መምህርቷ «ይተላለፋል እንዴ?» አለች።

ልመልስላት ስል ሐያት ክንዴን ያዘችኝ። ምላሷ ገና አልተፈታም፤ አንድ ቃል ተናግራ ትቆማለች፣ ታርፋለች፣ ሌላውን ትጀምራለች። መምህርቷ ቆማ መጠበቅ ግድ ሆነባት።

«ኮሪያው አይተላለፍም፣ ቲቸር። የጉሮሮው ጀርም ግን ይተላለፋል። ጉሮሮውን ያመመው ልጅ ካለ፣ ሐኪም ቤት ይላኩት።»

መምህርቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ይቅርታ የሚል ቃል ከሁለቱም አልወጣም፤ እኔም እስኪወጣ አልጠበቅሁም። ለትምህርት ቢሮ ያቀረብኩት አቤቱታ ግን ታይቶ፣ በዚያ ትምህርት ቤት ልጅ መምታትና ማንበርከክ እንዲቆም ተጽፎላቸዋል። ዛሬም እዚያ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ደንበኞቼ ቆሟል ይሉኛል።

ማገገሙ ቀስ ያለ ነበር፤ አንድ ጠዋት ብርጭቆ ሳይፈስባት ትጠጣለች፣ ደስ ብሎን ለዘመድ ስንደውል በሳምንቱ እጇ ተመልሶ ይዘላል፣ እኛም ተስፋ እንቆርጥና ሐኪሟ «ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ እንዲህ እየወጣ እየወረደ ነው የሚለቃት» ብላ ታጽናናናለች። እናቷ ወፍራም እርሳስ ገዝታ በጨርቅ ጠቀለለችላት፣ እኔ ማታ ከሱቅ ስመለስ እሷ የምትለኝን እጽፍላት ጀመር፣ ወራት ሲያልፉ ደግሞ እርሳሱን ነጥቃኝ ራሷ መጻፍ ቀጠለች። አዲሱ የመንግሥት ትምህርት ቤቷ ውስጥ ያገኘናት መምህርት የመጀመሪያው ቀን የጠየቀችን ነገር ቢኖር «ስትጽፍ ትደክማለች? በቃል ልፈትናት?» የሚል ነበር፤ ሐያት በዚያ ዓመት ፈተናዎቿን በቃሏ መልሳ አለፈች። ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ትሮጣለች፣ ትከራከራለች፣ ባለፈው ኢኮ ደግሞ ቫልቯ ከመጀመሪያው በመጠኑ ተሻሽሎ ታይቷል። መርፌው አልቆመም። በየወሩ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።

አላህን አመሰግናለሁ። ሐኪሟን፣ መርፌውን የሚወጓትን ነርሶች፣ አዲሷን መምህርት አመሰግናለሁ። ለእናንተ ያለኝ ምክር አጭር ነው። የልጅን የጉሮሮ ሕመም አትናቁት፤ ከትኩሳት ጋር ከሆነ አስመርምሩ። ልጃችሁ ዕቃ መጣል ከጀመረች ከመቆጣታችሁ በፊት ለሐኪም አሳዩ። ዳነች ብላችሁ የወሩን መርፌ እንዳትተዉ፤ መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪም ነው። ትምህርት ቤት ልጃችሁን ሲከስ፣ ልጅቷ የምትለውን መጀመሪያ ስሙ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለሐያት አነበብኩላት። ይኸው በሽታ ለያዛቸው ልጆች ምን ልጨምርላቸው ብዬ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰበች።

«መርፌው ያማል በልና ጻፍ» አለችኝ። «አያምም ብለህ ከዋሸሃቸው ሌላውንም አያምኑህም።»

እውነቷን ነው። መርፌው ያማል። በማግስቱም ዳሌ ይከብዳል። ከዚያ ይለቃል።