በየዓመቱ የሚዘዋወረው ልደት

ልጄ የተወለደችው በዳስ በዓል ሰሞን ነው። በእኛ ዳስ፣ በቤተ እስራኤሎቹ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም የምጽፈው ስሜን ስለማልጽፍ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ማተብ አስራ፣ እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ልብስ ሰፊ አድርጎ ነው። እሱም ውሸት አይደለም፤ እሳለማለሁ። እናቴም ትሳለም ነበር፣ የእናቴም እናት። ቅዳሜ ሲሆን ግን አመመኝ ብዬ የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እቀመጣለሁ። በዚህ ስሌት በየሳምንቱ እታመማለሁ ማለት ነው፤ ደንበኞቼ እስካሁን እድር ጠርተው አለመቅበራቸው ይገርመኛል።

ጾም ቢሆን ተደብቆ ይጾማል። በማስተሰረያ ቀን ውሃ እንኳ ሳንቀምስ ስንውል ማንም ነቅቶብን አያውቅም። ዳስ ግን ምን ተብሎ ይደበቃል? ግቢ ውስጥ ቅርንጫፍ ተክለው ሰባት ቀን ሲቀመጡበት ጎረቤት ሁሉ "ማን ሞተ? ማን ተዳረ?" ማለቱ አይቀርም። አባቴ አንኮበር ግርጌ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጡ በሚኖሩበት ጊዜ ይህ ችግር አልነበረም፤ ቤታችን ከመንደሩ ተነጥሎ ገደሉ አፍ ላይ ስለነበር የሚያየን ዝንጀሮ ብቻ ነው። ኋላ ዓይናቸው ደከመና መዶሻቸውን ትተው እኛ ጋ መጡ። እኛ ደግሞ የምንኖረው በኪራይ ነው። አከራያችን የቄስ ሚስት የነበሩ፣ ባላቸውን የቀበሩ አሮጊት ናቸው፤ በራቸው ከበራችን አሥር እርምጃ አይርቅም።

መላውን ያመጣው ባለቤቴ ነው። "ልጅቷ የተወለደችው በዚሁ ሰሞን አይደል? ልደት ነው እንላለና" አለ። እሱ በር እና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው፤ ነገርንም እንደዚያ ቶሎ ገጣጥሞ ያቆመዋል። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ አመጣ፣ አራት እንጨት ተከለ፣ ጣሪያውን ኮከብ እንዲያሳይ ሳሳ አድርጎ ሸፈነ፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ላይ ቀይና ቢጫ ፊኛ አንጠለጠለበት። አባቴ ፊኛዎቹን በዳበሳ ነካ ነካ አደረጓቸው። በኋላ "የሙሴ አምላክ ይቅር ይበለን" ብለው አጎንብሰው ገቡ።

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። አንድ ነገር ግን አላሰብንበትም። የዳስ በዓል የሚቆጠረው በጨረቃ ነው፤ አባቴ ናቸው በጣታቸው እየቆጠሩ ቀኑን የሚነግሩን። ስለዚህ የልጄ ልደት አንዱን ዓመት መስከረም አጋማሽ ላይ ይውላል፣ ሌላውን ጥቅምት መጀመሪያ ላይ። ማን ያስተውላል ብለን ነበር። አከራያችን አስተዋሉ። አንድ ቀን ውሃ ስቀዳ መጥተው፣ "የዚህች ልጅ ልደት ደግሞ እንደ ፋሲካ ይዘዋወራል እንዴ?" አሉኝ። ሳቅኩ። ሳቄ ከየት እንደወጣ እንጃ፤ ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ አላየሁትም። እሳቸውም ሳቁና ሄዱ። እኔ ያን ሳምንት ውሃ የምቀዳው እሳቸው ከቤት ሲወጡ ጠብቄ ሆነ።

ለምን ይህን ያህል ትፈሪያለሽ የሚለኝ ይኖራል። እኔ ፍርሃቴን ከሰው አልሰማሁትም፣ አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ገና አንኮበር ግርጌ ሳንሰፍር፣ ሌላ መንደር ውስጥ። የአንድ ገበሬ ልጅ ከእናቴ እጅ ንፍሮ በላና በማግስቱ አመመው። ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት እያሸተቱ "ማን በላህ?" ብለው ጠየቁት። ልጁ ለፈለፈ፤ የእናቴን ስም ጠራ። የሚያውቀው ስም እሱ ነዋ፣ ንፍሮውን የሰጠችው እሷ! በዚያው ቀን የአባቴን ወናፍ በገጀራ ቀደዱት። እኛ የለበስነውን ለብሰን ዳገቱን ወጣን። ከኋላችን "ቡዳ" የሚል ድምፅ ነበር፤ አብሬያት ወንዝ ወርጄ ልብስ የማጥብ የነበረች ልጅ ድምፅም በውስጡ ነበረበት።

እናም ልጄ ስትወለድ ለራሴ ቃል ገባሁ። ይቺ ልጅ ይህን ነገር አታውቀውም፤ እንደ ማንም ልጅ ቀና ብላ ትሄዳለች አልኩ። አባቴ በዚህ ጉዳይ ተቀይመውኛል። "ማን እንደሆነች ሳትነግሪያት ልታሳድጊያት ነው?" ይሉኛል። "አዎ፣ ሳልነግራት" እላለሁ። "እኔስ ስሞት ቀኑን ማን ይቆጥርላታል?" ይላሉ። ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ፤ ግትር ነኝ፣ ከእሳቸው ነው የወረስኩት።

አምና ሰባት ዓመት ሞላት። አባቴ ቆጥረው የዳስ በዓል ዋዜማ ረቡዕ ነው አሉ። ረቡዕ ደግሞ የጾም ቀን ነው፤ እስቲ ማን ነው በጾም ቀን ልደት የሚያከብር? "እሑድ ይሁን፣ ሰው ሁሉ እሑድ ነው የሚያደርገው" ብዬ ለመንኳቸው። "እሑድ ልደት አክብሪ፤ ዳሱ ግን ረቡዕ ይቆማል" አሉ። ዳስ ረቡዕ ቆሞ ልደት እሑድ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ልደቱንም ረቡዕ አደረግነው፤ የጾም ኬክ ገዛሁ። የግቢውን ልጆች ጠራሁ። አከራያችንም ከልጅ ልጃቸው ጋር መጡ፤ የልጄ እኩያ ናት፣ አንድ ክፍል ነው የሚማሩት። ሴትዮዋ ኬኩን በጥርጣሬ አገላብጠው አዩት፣ "እውነት ቅቤ የለበትም?" አሉ፣ ማልኩላቸው። ልጆቹ ጨፈሩ። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የራሳቸውን ይጸልያሉ፤ የሚያያቸው ከልጆቹ ጋር የሚዘፍኑ ይመስለዋል። እውነቱን ለመናገር ያን ከሰዓት ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ወደ ሱቁ ሄደ። በዓል ስለሆነ አይሠራም፣ ዘግቶ ከዋለም ይጠየቃል፤ ስለዚህ ከፍቶ ይቀመጥና ለመጣው ሰው ሁሉ "መብራት የለም" ይላል። በዚህ አገር ይህን የማያምን የለም። እኔ ለአባቴ ቁርስ ይዤ ወደ ዳሱ ስገባ የአከራያችን ጩኸት ተሰማኝ። የልጅ ልጃቸው እያስመለሳት ነው።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ፤ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም። ያን ሽታ ሃያ ዓመት ሙሉ ወጥ ውስጥ እንኳ አልወደውም። ከዚያ የሴትዮዋ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ "ማነው? ንገሪኝ እንጂ የኔ ልጅ፣ ማነው?" አለ። አባቴ እጄን ያዙኝ። እኔ በልቤ ዕቃ እያሰርኩ ነበር። የትኛውን ሻንጣ፣ የትኛውን ብርድ ልብስ፤ የስፌት መኪናውን ማን ይሸከመዋል፤ አባቴን በየት በኩል አወጣቸዋለሁ። የሕፃኗ አፍ ሲከፈት የሚወጣው የእኔ ስም ነው፤ ኬኩን የቆረስኩላት እኔ ነኛ።

"ማነው?" አሉ እንደገና።

"ውሃ ስጪኝ" አለች ልጅቷ።

ስም አልጠራችም። ግን አላለቀም። ሴትዮዋ ወጥተው ነጠላቸውን እያጣፉ በቀጥታ ወደ ዳሱ መጡ። ልጄ ደጃፉ ላይ ትናንት የቀሩትን ፊኛዎች እየቆጠረች ተቀምጣለች። ሴትዮዋ አላዩዋትም፤ የሚያዩት እኔን ነው።

"ጤና ጣቢያ ልወስዳት ነው። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አሉ። "ልደቱ ትናንት አበቃ። አባትሽ በዚህ ውርጭ ቅርንጫፍ ስር የሚያድሩት ምን ሆነው ነው? አምና ደግሞ ይህ ልደት መስከረም ነበር፣ አስታውሳለሁ። ዘንድሮ በጾም ቀን አደረጋችሁት። ምንድን ናችሁ እናንተ?"

ምንድን ናችሁ። ለዚህ ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ መልስ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ አንዱም አልመጣልኝም።

"እማማ" አለች ልጄ ከታች። ተነስታ የሴትዮዋን ነጠላ ያዘች። "አባባ አስም አለባቸው። አባዬ መዝጊያ ቀብቶ ቤት ውስጥ አስገባው፣ የቀለሙ ሽታ ያፍናቸዋል። ደግሞ ልደቴ ብር ሲገኝ ነው የሚከበረው። እማዬ ስለምታፍር ነው የማትነግርዎት።"

ቤታችን ውስጥ አንድ የቀለም ጠብታ አልነበረም። አባቴም አስም የለባቸውም። ሴትዮዋ ወደ እኔ ቀና አሉ፣ ፊታቸው መለሳለስ ጀመረ። ልጄ ግን አልጨረሰችም።

"ስለ እሷ ደግሞ ስታስመልስ ስሰማ ለማርያም ነግሬያታለሁ" አለች። "ይሻላታል።" ከዚያ ዞር ብላ አማተበች፤ በዝግታ፣ ጣቶቿን አስተካክላ፣ ግንባር፣ ደረት፣ ትከሻ። እኔ እንኳ እንደዚያ አድርጌ አላማትብም።

ሴትዮዋ እንባቸው መጣ። ጎንበስ ብለው ጉንጯን ሳሙት። "ይቅር በይኝ ልጄ፣ ድንጋጤ ነው። ሰው ሲደነግጥ የማይሆን ነገር ያስባል" አሉኝ። ምን እንዳሰቡ አልተናገሩም፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የልጅ ልጃቸውን አዝለው ሄዱ። ጤና ጣቢያ የሆድ ትል ነው ብለው መድኃኒት ሰጧት፣ ከሰዓት በኋላ ስትሮጥ አየኋት።

ሴትዮዋ ከበሩ እንደወጡ ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። "ደህና አወራሁ?" አለችኝ።

"ማን ነገረሽ?" አልኳት። አባቴን ነበር የጠረጠርኩት። ዞሬ አየኋቸው፤ እኔ አይደለሁም እንደማለት ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ማንም አልነገረኝም" አለች። "ሰው ሲመጣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ምን እንደምል ቀድሜ አስባለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከድሮ ጀምሮ።"

ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድሮ አላት። "ጎበዝ" አልኳት። ደስ ብሏት ወደ ፊኛዎቿ ተመለሰች። አባቴ ከዳሱ ውስጥ ሆነው ጸሎታቸውን ቀጠሉ። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር።

በዓሉን ጨረስን፤ ዳሱን አፈረስን። እዚያው ግቢ ነን፣ ሴትዮዋም ከእኔ ጋር እንደ ድሮው ናቸው። እሳቸውን መፍራቴን አላቆምኩም፣ ከእሳቸው የባሰ የምፈራው ግን ሌላ ሆኗል። ልጄ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን እየተቀበልኩ "ዛሬ እንዴት ዋልሽ? ማን ምን አለሽ?" እላታለሁ። "ደህና ዋልኩ፣ ማንም ምንም አላለኝም" ትለኛለች። ፊቷን አገላብጬ አያለሁ። አንድም ነገር አይነበብበትም።