ጾመኛው ደላላ

ሰውን በጾሙ የምመዝን ሴት ነበርኩ። ሞያሌ ላይ፣ በኬንያ በኩል፣ ምግብ ቤት ከፍታ ለምትኖር የኦርቶዶክስ ልጅ ሌላ ሚዛን ከየት ይመጣል? ሾፌሩም ነጋዴውም ዛሬ ታይቶ ነገ ናይሮቢ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግርህ የለም። ረቡዕ ቀን ጥብስ የሚያዝዝ ክርስቲያን ሲገጥመኝ ፊቴን አጠቁርበታለሁ። “ሽሮው በዘይት ነው በቅቤ?” ብሎ የሚጠይቀኝን ግን ወዲያው ወንድሜ አደርገዋለሁ።

ደላላውም እንደዚያ ብሎ ነው የጠየቀኝ። የመጣው በሁዳዴ ነበር። በዚያ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ይቆያል። እኔ ከስድስት ሰዓት በላይ ስለማልችል አፈርኩ። ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ የሱ አደረግኳት፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥባት አስነሳ ነበር።

ሥራው ሰው ወደ ውጭ መላክ ነው። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ በኩል ለቤት ሠራተኝነት አረብ አገር መሄድ ተከልክሎ ስለነበር መንገዱ በኛ ከተማ በኩል ዞሯል። እሱ ግን የቤት ሠራተኛ የሚለውን ቃል መስማትም አይፈልግም። “ሆቴል ነው። እንግዳ የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ሦስት ወር ብቻ ሠርተው ይመለሳሉ” ይላል። ይከፈላል የተባለውን እኛ ጋ ሦስት ዓመት ተለፍቶም አይገኝም።

ታናሽ እህቴ ከዲላ መጥታ ከኔ ጋር ትሠራ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ምላጭ ነው፤ ደንበኞቼ ግማሾቹ የሚመጡት እሷ ስትሳደብ ለመስማት ነው።

“እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ አላማረኝም” አለችኝ አንድ ቀን።

“አንቺን ደግሞ ማን አምሮሽ ያውቃል!” ብዬ ሳቅኩባት። “ሲጾም አታዪም?”

ሳህን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። እሷ ዝም ስትል ማየት አልለመድኩም ነበርና ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ሂጂ ሂጂ ብዬ አስጨነቅኳትና በሳምንቱ ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ የናይሮቢ አውቶቡስ ላይ አሳፈርኳት። ናይሮቢ ድረስ የሚሸኛት ደላላው ፓስፖርቷን “እንዳይጠፋባት እኔ ልያዘው” ሲል አመሰገንኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደወለች። “ሆቴል አይደለም፣ ሰው ቤት ነው” አለች። “በሩን ከውጭ ነው የሚቆልፉት።” ከኋላዋ አንዲት ሴት ጮኸችና ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ደወልኩ። በማግስቱም ደወልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ስደውል አይነሳም፤ በኋላ ጭራሽ መጥራቱንም ተወ።

ለደላላው ምሳውን ሳቀርብለት ትሪውን ሳልለቅ ፊቱ ቆምኩ። “እህቴን ምን አደረግካት?” አልኩት። አልደነገጠም። አማተበና እንጀራውን ቆረሰ።

“ትመጣለች” አለኝ። “አሠሪዎቹ ያለ ምትክ አይለቁም፣ ሌላ ነገር የለውም። አንቺ ብቻ እዚህ ወሬ አታብዢ።”

ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። በልቶ ሲጨርስ ሽሮዬን አመስግኖ ወጣ። ምትክ ያለውን ያን ቀን አልሰማሁትም ብል ደስ ባለኝ። ሰምቼዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነው ያደርኩት።

ወተት የሚያመጡልኝ ከቡቲዬ መንደር አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው በቦዳቦዳ ሞተር ይመጣሉ። በወተታቸው ውስጥ አንድ ቀን ጠብታ ውሃ አግኝቼ አላውቅም፤ እሳቸውም ስለኔ እንደዚያው ያስባሉ። አንድ ረቡዕ ቀን ግን በምሳ ሰዓት መጡ። ጀሪካን አልያዙም፤ ልጃቸውን አስከትለዋል። ልጅቷ አዲስ ጫማ አድርጋ እግሯን እያየች ትስቃለች።

ሴትዮዋ የጥጉን ጠረጴዛ በአገጫቸው አሳዩኝ። “ማማ፣ ሰውዬ ያ ነው? ልጄን ለካዚ እወስዳለሁ ይላል።” ካዚ የሚሉት ሥራን ነው። “እኔ እሱን አላውቅም። አንቺን አውቃለሁ። እህትሽን ልከሻል አሉኝ። ደህና ናት?”

ደላላው ቀና አላለም፤ ጉርሻውን ግን አፉ ውስጥ ይዞ ማኘኩን አቆመ። ጆሮው እኛ ጋ እንደሆነ አየሁ። እህቴን አሰብኩ፤ የሚቆለፈውን በር አሰብኩ። ልጅቷን ላለማየት ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

“ደህና ናት” አልኩ።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ፤ እጄንም ያዙኝ። እጃቸው ለስላሳ ነበር።

ልጅቷ በዚያው ሳምንት ሄደች። ደላላውም ብዙ አልቆየም፤ ሌላ ከተማ ገባ ተባለ። እህቴ በሁለተኛው ወር ፓስፖርቷን ብቻ ይዛ መጣች። ከስታለች፤ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለ። አቅፌያት አለቀስኩ፤ እሷ አላቀፈችኝም። በአራተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ ድንገት አወራች።

“በኔ ፈንታ ያመጧት የቡቲዬዋ ባለወተት ልጅ ናት። እሷ በበሩ ስትገባ እኔን አስወጡኝ። ‘እህትሽ ደህና ናት ስላለች ነው እናቴ የላከችኝ’ አለችኝ። እያለቀሰች አይደለም እትዬ። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ።”

ቢላውን አስቀመጥኩ። እሷ ሽንኩርቱን ጨርሳ ከተፈችው።

በማግስቱ ሴትዮዋ ወተት ይዘው ገቡ። እህቴን ሲያዩ እልል አሉ፤ ጉንጯን ይዘው ደጋግመው ሳሟት።

“ያንቺ መጣች! እንግዲህ የኔም መምጫዋ ደርሷል” አሉኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። “ልጄን እዚያ አይተሻታል?”

እህቴ ወደ እኔ ዞራ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር። እኔ ጀሪካኑን አንስቼ ወተቱን ወደ ድስቱ ገለበጥኩ።