በሬው በስምንት ሰው
ሥራዬ አንድ ቤት ምን ያህል እንደሚሞቅ በኮምፒውተር ማስላት ነው። የግድግዳውን ውፍረት፣ የጣሪያውን ዓይነትና የነዋሪውን ቁጥር ስትነግሩት ፕሮግራሙ የቤቱን ሙቀት ይነግራችኋል። አምና ታዲያ ፕሮግራሙ ይታመን እንደሆነ ልፈትን ብዬ፣ ከንፋስ መውጫ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የአያ ደሴ ቤት ቴርሞሜትር ሰቅዬ ሄድኩ።

በማግስቱ ስመለስ ቴርሞሜትሩ ለንጋቱ አሥራ አራት ዲግሪ መዝግቧል። ፕሮግራሙ ደግሞ ስምንት ይላል። አያ ደሴ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ ከእሳቱ ዳር ሳይነሱ፣

“ማንን ማንን ቆጠርክ?” አሉኝ።

“እርስዎንና ባለቤትዎን።”

“ሁለቱ በሬዎቼስ? እዚሁ ከኛው ጋር አይደል የሚያድሩት?”

እውነታቸውን ነው። ፕሮግራሙ ግን ለበሬ ቦታ የለውም፤ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በሬ፣ ገላው በሚሰጠው ሙቀት ልክ፣ በስምንት ሰው ሒሳብ አስገባሁት። አሥራ አራት ተኩል አለ። ግማሿ ዲግሪ ከየት እንደመጣች ጠፋኝ።

እስካሁን ባቄላ ሲለቅሙ የነበሩት ባለቤታቸው እትዬ የሺ፣ ባላቸውን በአገጫቸው እያመለከቱ ቀና አሉ።

“እሳቸውን በስንት አስገባሃቸው?”

“በአንድ ሰው።”

“አበዛህላቸው። እኔ እስከ ዛሬ ጋቢ ሲጎትቱ እንጂ ሙቀት ሲሰጡ አላየሁም።”

አያ ደሴ እሳቱን ቆሰቆሱ። እኔም ለጨዋታ ያህል እሳቸውን ዜሮ አድርጌ እንደገና አሰላሁ።

ልክ አሥራ አራት።